ልጃቸው ዶክተር እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነኝ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደሴ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያለሁት ሜዲካል ዋርድ ነው። ስሜንና የሆስፒታሉን ስም ይተዉልኝ። ጠዋት ፒያሳ የተወራ ነገር ማታ ሰኞ ገበያ ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ በኩል አንድ አባት ገቡ። ስትሮክ ነው። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ ንግግራቸውም ተይዟል። ሲቲ ስካን ተነስተው የደም መርጋት እንደሆነ ታወቀ። ሐኪሙ ቻርቱ ላይ ሁለት ነገር አጥብቆ ጻፈ። መዋጥ መቻላቸው እስኪረጋገጥ በአፍ ምንም እንዳይሰጣቸው፣ ግፊታቸው ደግሞ 220 በ120 ካላለፈ ማውረጃ እንዳንሰጥ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ገና በሩ ላይ እያለ «እኔ ሐኪም ነኝ፤ ቻርቱን አምጪ» አለኝ። እናትየዋ ዱዓቸውን አቋርጠው «ዶክተሬ መጣልኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ። ዘመድ ሁሉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ግፊት ስለካ 190 በ105 ነበር። «ይህን እያየሽ ዝም ትያለሽ? ከምላስ ሥር ኒፈዲፒን ስጪው!» አለኝ። ቻርቱ ላይ ያለውን ነገርኩት። «አንቺ ነርስ ብቻ ነሽ፤ እኔ ነኝ የማዝሽ» አለኝ፣ ዋርዱ በሙሉ እየሰማ። ተረኛ ሐኪሙን ጠራሁት። መጥቶ መድኃኒቱ እንደማይሰጥ ነገረው። ዝም አለ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ሌላ በሽተኛ ጋ ቆይቼ ስመለስ አባትየውን በጀርባቸው እንደተኙ አጥሚት በማንኪያ እየሰጣቸው አገኘሁት። ትን ብሏቸው ፊታቸው ጠቁሯል። ሮጬ ኩባያውን ከእጁ ነጠቅኩት፤ አጥሚቱ ሸሚዙ ላይ ተደፋ። «አባትህን ልትገድል ነው እንዴ!» ብዬ ጮህኩበት። እናትየዋ አዩ፤ ዘመዱ ሁሉ አየ። አባትየውን ቀና አድርገን አፋቸውን ጠረግን፤ ተረፉ። ደረታቸውም እስካሁን ደህና ነው። እሱ ግን ሲነጋ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ሜትሮኗ ጋ ሄዶ ከሰሰኝ። ሜትሮኗ «ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ ይብረድ» አለችኝ።

ከትናንት ወዲያ ታናሽ እህቱ ቧንቧው ጋ ዕቃ ስታጥብ አገኘችኝ። እያለቀሰች «ሲስተር፣ ወንድሜን ይቅር በይው፤ እሱ እኮ ዶክተር አይደለም» አለችኝ። ሕክምና ጀምሮ ሦስተኛ ዓመት ላይ ወድቆ ነው የወጣው። አሁን አዲስ አበባ መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ይሠራል። እናትና አባቱ ይህን አያውቁም። አገሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው፤ ለዓረፋ ሲመጣ ጎረቤት በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። «አባዬ እንዲህ ሆኖ እማዬ ይህን ብትሰማ አትተርፍም፤ አደራ» አለችኝ።

ለአንዲት የሥራ ጓደኛዬ ብቻ ነገርኳት። እሷ «ሐኪሞቹ በሽተኛ እያዩ ሲዞሩ፣ ራውንድ ላይ በሰው ሁሉ ፊት የሙያ ፈቃዱን ጠይቂው፤ ይፈር» ትላለች። አልዋሽዎትም፣ እኔም ልቤ ይፈልገዋል። «ነርስ ብቻ ነሽ» ያለኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እናትየዋን ሳያቸው ደግሞ ይጨንቀኛል። ላጋልጠው? ይቅርታስ ልጠይቀው? «እኔም ሐኪም ነኝ» የሚል አስታማሚ ሲመጣብኝ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም፤ ለወደፊቱስ ምን ላድርግ? አንዳንዴ ሥራውን ጥዬ ልሂድ እላለሁ።

ሲስተር ነኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህትዓለም፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደማንኛውም ደብዳቤ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ግን ያነበብኩት እንደ ነርስ ነው፤ ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት 16 ዓመት ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁና። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኮሪደር ውስጥ መሮጥ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ስለ ልጁ ከማውራቴ በፊት ስለዚያች ሌሊት አንድ ነገር ልበልሽ፤ ማንም ያለሽ አይመስለኝም። ሥራሽን ሠርተሻል። ሁለቱንም ጊዜ።

ግፊቱን እንመልከት። 190 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ ቶሎ ይውረድለት ማለቱም ያለ ነው። ግን አንቺም ሐኪሙም እንደምታውቁት፣ ደም ረግቶ በመጣ ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያ ከፍ ያለ ግፊት በተጎዳው የአንጎል ክፍል ዙሪያ ገና ላልሞተው ቦታ ደም እየገፋ የሚያደርስ ነው። በድንገት ጣል ሲደረግ ሊተርፍ የሚችለውም አብሮ ይሄዳል። ኒፈዲፒን ከምላስ ሥር መስጠት ድሮ በየቦታው የነበረ ነገር ነው፤ እኔም በእጄ ሰጥቻለሁ። የተተወው ግፊትን ማንም በማይቆጣጠረው ፍጥነት ስለሚጥል ነው። ልጁ ያዘዘሽ እንግዲህ አንድ ጊዜ የሰማውንና እዚያው ላይ የቆመበትን ነው። አንቺ እምቢ ባትዪ ኖሮ ዛሬ የምትጽፊልኝ ደብዳቤ ሌላ ይሆን ነበር።

አጥሚቱም እንዲሁ ነው። ስትሮክ እጅና እግር ብቻ አይይዝም፤ ጉሮሮም ይይዛል። የሚዋጠው ወደ ሆድ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ በዚያ ላይ በጀርባ ተኝተው! ብዙ የስትሮክ በሽተኛ የሚያልቀው ከስትሮኩ በኋላ በሚመጣ የሳንባ ምች እንደሆነ አይተሻል። በነገራችን ላይ አባትየው ለጊዜው ደህና ናቸው ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ትኩሳታቸውንና አተነፋፈሳቸውን ለተወሰኑ ቀናት ጠበቅ አድርገሽ ተከታተዪ። እንደማታጓድዪው አውቃለሁ፤ ሳልለው ማለፍ ግን አልቻልኩም።

አሁን ወደሚያምሽ ልምጣ። «ነርስ ብቻ።» ያቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ነች እንቅልፍ የነሳችሽ። እኔንም በጊዜዬ ነስታኛለች። በእርግጥ ከተናገረው ሰው ይልቅ የሚያመው እነዚያ ሁሉ ዘመዶች ሰምተው ዝም ማለታቸው ነው፣ አይደል? ሌሊቱን በሙሉ ስታገላብጪ፣ ስትለኪ፣ ስትጠርጊ ያዩ ሰዎች አንድ «ተው» የሚል ቃል አለማውጣታቸው። ይህን ቁስል «ተይው፣ እለፊው» ብዬ አላልፈውም። ያምማል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ያ ሰው እውነተኛ ዶክተር ቢሆን ኖሮ ያለሽን ትቀበዪው ነበር? ውሸታም መሆኑን ስታውቂ እፎይ ያልሽው ውስጥሽ የሆነ ቦታ «እውነት ሐኪም ከሆነ እኮ ልክ ነው» የሚል ፍርሃት ስለነበረ ይሆን?

ይህን የምጠይቅሽ እኔ ስለወደቅኩበት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የልብ ድካም ያለባቸው እናት ነበሩን። የእህታቸው ልጅ መጣ፤ ሐኪም ነኝ አለ። ረጋ ያለ፣ ትሁት፣ ሸጋ ሰው። «ከንፈሯ ደርቋል፤ ግሉኮሱን ትንሽ ፈጠን አድርጊላት» አለኝ። በቀስታ እንዲሄድ የታዘዘ ፈሳሽ ነበር። እኔም ዶክተር አዞኛል ብዬ ከፈትኩት። ሌሊት ላይ ሴትየዋ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ተቀምጠው አየር ሲለምኑ አሁንም ይታየኛል። ፈሳሹ ቆሞ፣ የተጠራቀመውን በሽንት የሚያስወጣ ላሲክስ ተሰጥቶ፣ በኦክስጅን ነጋላቸው። ተረፉ። ያ ሰው ግን አልዋሸኝም ነበር። እውነተኛ ሐኪም ነው። የዓይን ሐኪም። አክስቱ የልብ በሽተኛ መሆናቸውን ቢሰማም ፈሳሹ ለምን በቀስታ እንደታዘዘ አልጠየቀም፤ ቻርቱንም አላየም። እኔም አላሳየሁትም።

ከዚያ ወዲህ «እውነት ሐኪም ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩት። ዋርድ ውስጥ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን በሽተኛ የያዘው እሱ ነው ወይ? ቻርቱ ላይ የሚፈርመው፣ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው ወይ? ካልሆነ ፕሮፌሰርም ቢሆን እዚያ አልጋ ጋ የቆመው እንደ ዘመድ ነው። ይህ እሱን ዝቅ ማድረግ አይደለም፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው የቤተሰባቸውን ሰው ማከም የማይመከረው ለምን እንደሆነ ያውቁታል። ይህን ከያዝሽ የማንንም ፈቃድ መመርመር የለብሽም። አንቺን ከመርማሪነት ያወጣሻል። እመኚኝ፣ ትልቅ ሸክም ነው የሚወርድልሽ።

ስለዚህ ላጋልጠው ወይ ላልሽኝ፣ ራውንድ ላይ በሰው ፊት አይሆንም። ጓደኛሽ የተናገረችው ስላዘነችልሽ ነው፤ አልፈርድባትም። ግን ቀጥሎ ያለውን ደቂቃ አስቢው። እሱ ያፍራል፤ እሺ። እናትየዋስ? ባላቸው አልጋ ላይ፣ ልጃቸው መሬት ላይ። እህትየዋ ቧንቧ ጋ አምናሽ የነገረችሽ ዋርድ መሃል ተዘርግቶ ታየዋለች። አባትየው ደግሞ መናገር ባይችሉም መስማት እንደሚችሉ አትርሺ። ምስጢሩ ከበሽተኛ ቤተሰብ የወጣ ነው፤ የነገሩሽ ሲስተር ስለሆንሽ ነው። ለጓደኛሽ የነገርሻትን መመለስ አይቻልም፤ ግን ዛሬውኑ «እዚህ ይቁም፣ አደራ» በያት። ደሴን አንቺው ነግረሽኛል።

ደግሞ ልጁን ትንሽ እንየው። ጥቁር አንበሳም ይሁን ጎንደር፣ የትም ጀምሮት ይሁን፣ አንድ ከሐይቅ ዳር የወጣ ልጅ ሕክምና ገባ ሲባል ቤቱ ውስጥ ምን ያህል ዱዓ እንደተደረገ፣ ምን ያህል ቡና እንደተፈላ መገመት አያቅትሽም። ወድቆ ሲወጣ ያን ሁሉ ደስታ መልሶ መውሰድ አቃተው። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ ሲል ዓመቱ ሄደ። ከዚያ አባቱ ወደቁ። መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ «እናቴ ስትደርስ ምን አደረግክለት ትለኛለች» እያለ ነው የመጣው። የደረሰው አባቱን ለማዳን ብቻ አይመስለኝም። ውሸቱንም ለማዳን ነው። ከፍርሃት ሁሉ የሚከፋው ይሄኛው ነው። አንቺ ላይ የጮኸው አንቺ የያዝሽውን እሱ ስላጣው ይመስለኛል። ዋርዱን ማለቴ ነው፣ ቻርቱን፣ በሙያ አንድን ሰው «እምቢ» የማለት መብትን።

ይህ ስድቡን ልክ አያደርገውም። አያደርገውም! ግን የምታናግሪው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እኛ ላይ አለ። ሰው ለምን «ሐኪም ነኝ» ይላል? ስለሚሠራ ነው። ዶክተር ነኝ ላለው ወንበር እንሰጠዋለን፤ ገበሬ ነኝ ያለው «ውጭ ቆይ» ይባላል። ቤተሰብ ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ የምታውቁት ሰው አለ?» ብሎ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ በ2014 ጦርነት ሆስፒታሎቹ ሲዘረፉና ሥራ ሲያቆሙ ሰው አይቷል፤ «መሣሪያው አለ? መድኃኒቱ አለ?» የሚለው ስጋት ገና አልወጣለትም። እንዲህ ባለ ጊዜ «የራሳችን ዶክተር አለን» ማለት ለአንድ ቤተሰብ ጋሻ ነው። አጥሚቱም ከዚሁ ነው። እኛ አገር በሽተኛ ምንም ሳይቀምስ አደረ ማለት ቤተሰቡ ተኛ ማለት ነው። የመሰለው አባቱ እየተራቡ እንደሆነ ነው። የአልጋው ራስጌ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን ይል ነበር? «በአፍ ምንም» ለማለት ኤን ፒ ኦ የሚል ከሆነ ለማን ነው የተጻፈው? ዛሬውኑ በትልቅ የአማርኛ ፊደል «በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ውሃም ቢሆን፤ ወደ ሳንባ ይገባል» ብለሽ ለጥፊ። ምክንያቱ ይጻፍ። ምክንያት የሌለው ክልከላ ሌሊት ላይ ይጣሳል።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ሜትሮኗ ጠይቂው ስትል አንቺ የሰማሽው «ጥፋተኛ ነኝ በይ» የሚለውን ነው፤ ስለዚህ አንገሸገሸሽ። ለሁለት ክፈዪው። ኩባያውን መንጠቅና በእናቱ ፊት «ልትገድል ነው» ማለት ይቅርታ የሚጠየቅበት ነው፤ ያን ማለት ምንም አያጎድልብሽም። ማስቆሙና መድኃኒቱን እምቢ ማለቱ ግን ይቅርታ አይጠየቅበትም፣ ማንም ቢያዝሽ። እናትየዋ ለሶላት ሲነሱ ጠብቀሽ ከዋርዱ ውጭ ለብቻው ጥሪው። ዶክተር አትበዪው፤ «ዶክተር አይደለህም»ም አትበዪው። «ወንድሜ» በዪው። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦

«ወንድሜ፣ የዚያን ሌሊት ኩባያውን ነጥቄሃለሁ፣ በእናትህ ፊትም ጮሄብሃለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ። ያስቆምኩት ግን ልክ ነበር፤ ነገም ቢሆን አስቆማለሁ። አንተም በሰው ፊት የተናገርከኝ አሞኛል። ማዘዙን ለያዛቸው ሐኪም ተውለት፤ አንተ ልጃቸው ሁን። እሱን የሚያደርግላቸው ሌላ ሰው የለም።»

ከዚያ ዝም በዪ። የምታውቂውን አታንሺ። ይገባዋል። ምናልባት ይቆጣል፤ ምናልባት አንገቱን ይደፋል። ምናልባትም ቁጭ ብሎ ይነግርሻል፤ ከነገረሽ ስሚው፤ አትምከሪው። ያን ሸክም የሚያካፍለው ሰው ላይኖረው ይችላል።

ከነገሩ ሁሉ ያልተመቸኝ አንድ ቦታ አለ። የዓረፋው ሰልፍ። ጎረቤት ተሰልፎ ሲጠብቀው ምንድነው የሚያደርግላቸው? «ሆስፒታል ሂዱ» ብሎ የሚመክር ከሆነ፣ የመድኃኒታቸውን አወሳሰድ የሚያነብላቸው ከሆነ፣ ነገሩ የእሱና የቤተሰቡ ነው። ግን መርፌ የሚወጋ፣ አንቲባዮቲክ ከሻንጣው እያወጣ የሚሰጥ ከሆነ ጉዳዩ ምስጢር መጠበቅ መሆኑ ያበቃል፤ ያኔ የሌላ ሰው አባት አደጋ ላይ ነው። ያለ ሙያ ፈቃድ ማከም በወንጀልም ያስጠይቃል። እህትየዋን ለብቻዋ፣ በእርጋታ ጠይቂያት። እንደፈራሁት ከሆነ መጀመሪያ ለእሱ ራሱ በግልጽ ንገሪው፤ በእህቱም በኩል እንዲቆም አድርጉ። ካልቆመ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማወቅ አለበት። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ይህን ውሳኔ ግን ዛሬ ሳይሆን መልሱን ስትሰሚ ነው የምትወስኚው፤ ብቻሽንም አትወስኚው፤ የምታምኚው አንድ ሲኒየር ሐኪም ወይም ነርስ አብሮሽ ይሁን።

ለሜትሮኗም በቃል ብቻ አትሂጂ። የዚያን ሌሊት ነገር ሳይደበዝዝብሽ በጽሑፍ አስቀምጪው። ግፊቱ ስንት ነበር፣ በስንት ሰዓት፣ ተረኛ ሐኪሙ ምን አለ፣ አጥሚቱን ስታገኚ በሽተኛው እንዴት ተኝተው ነበር፣ ኦክስጅናቸው ስንት አነበበ። «ሰደበኝ» የሚለውን በአንድ መስመር፣ የበሽተኛውን በአሥር መስመር። ወረቀቱን ሰጥተሻት ስታበቂ አንድ ነገር ለምኛት፦ ሌላ ቀን እንዲህ ሲሆን ወደ ዋርዱ ወርዳ አጠገብሽ እንድትቆም። ሌሊት ላይ ለአንድ አልጋ አንድ አስታማሚ የሚለውም እንዲከበር። ነርስ ሃያ ዘመድ ፊት ብቻዋን ቆማ ሕግ ማስከበር አትችልም።

የሚመጡትን «እኔም ሐኪም ነኝ» ባዮች ደግሞ እንዲህ አድርገሽ ያዣቸው። በአክብሮት ጠይቂ፤ «በየትኛው ክፍል ነው የሚሠሩት?» በዪ። መስቀለኛ ጥያቄ እንዳይመስል፣ እንግዳ እንደምትቀበዪ ሆነሽ። እውነተኛው ደስ ብሎት ይመልስና አብዛኛውን ጊዜ ራሱ «የያዘውን ሐኪም ላናግር» ይላል። ሌላው ይድበሰበሳል፤ አንቺም ለሁለቱም የምትመልሺው አንድ ነው፦ «ተረኛው ሐኪም ጋ ላገናኝዎት። እኔ ቻርት ላይ ያልተጻፈ አልሰጥም።» ቻርቱን ራሱን በእጅ አትስጪ፤ የበሽተኛው ምስጢር ነው፤ ማሳየት ካስፈለገ የያዘው ሐኪም ያሳይ። ድምፅሽን ዝቅ ባደረግሽ ቁጥር እሱም ዝቅ ያደርጋል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ግን ጆሮሽን አትዝጊ፣ አደራ። ዘመድ የሚያመጣው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። ትእዛዝ ከሆነ ወደ ሐኪሙ ምሪው። መረጃ ከሆነ ግን ወርቅ ነው። አንድ ጊዜ ጠና ያሉ የጤና ረዳት የነበሩ ሰው «እኔ ሙያውን አውቀዋለሁ» እያሉ ሲያስቸግሩን ዋሉና ሁላችንም ሰለቸናቸው። ማታ ላይ በመሃል «ወንድሜ እኮ ፔኒሲሊን አይስማማውም፤ በልጅነቱ አባብጦት ነበር» አሉ። ካርዱ ላይ የለም። መርፌው ተዘጋጅቶ ነበር። ስለሰለቸን ባንሰማቸው ኖሮ...

ሥራም ስጪው። ይሄን ልጅም ቢሆን። አባትየው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጀርባቸው ይቆስላል፤ እንዴት እንደሚገላበጡ አሳዪውና ሰዓቱን እየጻፈ እሱ ይያዘው። አፋቸውን እንዴት እንደሚያጸዳ፣ የደከመውን እጅ እንዴት በትራስ እንደሚደግፍ አሳዪው። ዘመዶቹንም «ከናንተ መሃል አንድ ሰው ይመረጥና እኛም ሐኪሙም የምናናግረው እሱን ይሁን» በያቸው። ወሎ እኮ አበጋር ያለው አገር ነው፤ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ይናገር ሲባል ሁሉም ዝም ማለትን ያውቅበታል። የግድ ልጁ እንዲሆን የለበትም፤ አጎት ካለ አጎት ይሁን። ለልጁም እረፍት ነው፤ ዶክተር መሆን ሳያስፈልገው አባቱ አጠገብ ይቀመጣል።

ስለ መልቀቁ አጭር ነገር ነው ያለኝ። ከማታ ተራ በወጣሽበት ጠዋት የሥራ መልቀቂያ አትጻፊ። መጀመሪያ ተኚ። የሁለት ቀን እረፍት ካለሽ ውሰጂና እናትሽ ጋ ሂጂ፣ ወይ ጓደኛሽ ጋ ሐይቅ ዳር ውረዱ። ከዚያ ራስሽን ጠይቂ፤ ልተው ያሰኘኝ ይህ ሰው ነው ወይስ አራት ዓመት ሙሉ ብቻዬን መቆሜ? የመጀመሪያው ከሆነ ያልፋል። ሁለተኛው ከሆነ ግን ዋርዱ ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ፤ መቀየሪያ ክፍልም አለ፤ እንደገና ጻፊልኝና እናውራበት።

ለጊዜው የቀረበው ሥራ የመዋጥ ፈተናው ነው። ሐኪሙ ይደገም ሲል ልጁን ጥሪው። አባትየውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። በሻይ ማንኪያ ውሃ ስትሰጪያቸው አጠገብሽ ቆሞ ይይ። ሳል ሲመጣ፣ ድምፅ ሲረጥብ ምን ማለት እንደሆነ በለሆሳስ ንገሪው፤ ያን ሌሊት ለምን እንደሮጥሽ ያኔ ነው የሚገባው። ያላለፉ እንደሆነ በአፍንጫ ቱቦ መመገቡ ይቀጥላል፤ አጥሚቱ በቀጭኑ ሆኖ በዚያም መግባት እንደሚችል ለእናትየዋ ንገሪያቸው፤ ባላቸው እንዳልተራቡ ይወቁ። ካለፉና ሐኪሙ ከፈቀደ ደግሞ ማንኪያውን አንቺም አትያዢው፣ እሱም አይያዘው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ እናትየዋ ይስጧቸው።